በሩን ማን ከፈተላቸው? «ሕዝብ ነው የመረጣቸው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። የመጨረሻው ላኪ አጎቴ ነው። «አንብበው፤ ልክ ልካችንን ነግሮናል» የሚል ማስታወሻ አክሎበታል። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕር አላቸው፤ አልዋሽም። ቋንቋቸው ይጥማል። ማንንም አልሰደቡም። የጻፉት ነገር ግን በአብዛኛው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ አምሮ የተጻፈ ስህተት ደግሞ ቶሎ ይለመዳልና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ የሳቸውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጽሑፋቸው አምባገነኖችና ጽንፈኛ ፓርቲዎች እንዴት ሥልጣን ላይ እንደሚወጡ ያወራል። አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሂትለርን ጨምሮ እነዚህ ሰዎች የወጡት በሕዝብ አብላጫ ድምፅ ነው፤ ሕዝብ የሚመስለውን መሪ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ነገሩን የሚያመጣው ድህነትና የኑሮ ውድነት ነው፤ ሆዱ የሞላ ሕዝብ አምባገነን አይከተልም። ሦስተኛ፣ ሁሉንም የሚሠራው ምላስ ነው፤ አፈ ጮሌ ከተገኘ ሕዝቡ ከኋላው ይተማል። አራተኛ፣ ጽንፈኞችን ማግለል ጀግና ያደርጋቸዋል፤ ወደ መንግሥት ቢገቡ ኃላፊነት ይገራቸዋል። አምስተኛ፣ ጥሩ ሕገ መንግሥት ያለው አገር አይሰጋም።

ጸሐፊው ይህንን ቢያዩ «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» የሚሉ ይመስለኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ብቻ ላስታውስና ልግባበት።

የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ስለሆነ።

ሂትለር በአብላጫ ድምፅ አልተመረጠም። ይህ የአመለካከት ልዩነት አይደለም፤ ተቆጥሮ የተቀመጠ ነገር ነው። በኤፕሪል 1932 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ 36.8 በመቶ አገኘ፤ በአዛውንቱ ፕሬዚዳንት በሂንደንበርግ ተሸነፈ። በጁላይ በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ ፓርቲው 37.3 በመቶ አገኘ። በነጻ ምርጫ የደረሰበት ጣሪያ ይህ ነው። በኖቬምበር እንደገና ምርጫ ሲጠራ ወደ 33.1 ወረደ። በአራት ወር ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ያህል ድምፅ ከእጁ ወጣ። በዚያው ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶቹና ኮሚኒስቶቹ ድምፃቸው ቢደመር ከናዚዎቹ ይበልጥ ነበር፤ 221 መቀመጫ በ196። ግን ማን ይደምረዋል? ኮሚኒስቶቹ ሶሻል ዴሞክራቶቹን «ሶሻል ፋሺስት» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ከምርጫው ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ የበርሊንን ትራንስፖርት ያቆመውን አድማ የመሩትም ከናዚዎቹ ጋር ጎን ለጎን ቆመው ነው። ይህን ያነሳሁት ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ እንዳይመስል ነው።

በ1932 መጨረሻ የናዚ ፓርቲ ካዝናው ባዶ ነበር። ከቁንጮ መሪዎቹ አንዱ የነበረው ግሬጎር ሽትራሰር በዲሴምበር ኃላፊነቱን ጥሎ ወጣ። በ1933 አዲስ ዓመት «አደጋው አለፈ» ብለው የጻፉ ጋዜጦች ነበሩ። እንግዲህ ፓርቲው እየወረደ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን ግን ሂትለር መራሄ መንግሥት ሆነ። በእነዚያ ሰላሳ ቀናት ውስጥ ምን ተፈጠረ? አገር አቀፍ ምርጫ? አልነበረም። በመላ ጀርመን ለዚህ ጉዳይ ብሎ አንድ ወረቀት ሳጥን ውስጥ የጨመረ ሰው የለም።

የተፈጠረው እንዲህ ነው። ፍራንዝ ፎን ፓፐን የሚባል መኳንንት ነበር። በ1932 ለጥቂት ወራት መራሄ መንግሥት ሆኖ ሠርቶ በጓደኛው በጄኔራል ኩርት ፎን ሽላይከር ተንኮል ከቦታው ተነሳ። ቂም ያዘ። ጃንዋሪ 4 ቀን ኮሎኝ ከተማ፣ አንድ የባንክ ባለቤት ቤት ውስጥ ከሂትለር ጋር በሚስጥር ተገናኘ። ሽላይከርን እንጣለው፤ ሥልጣኑን እንካፈል። ፓፐን የፕሬዚዳንቱ ወዳጅ ነው። ሂንደንበርግ የ85 ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ከወራት በፊት ሂትለር ሥልጣን ሲጠይቃቸው አይሆንም ብለው መልሰውት ነበር። አሁን ግን ፓፐን ጆሯቸው ሥር ተቀመጠና አሳመናቸው። ምን ብሎ? «እኔ ምክትል ሆኜ እጠብቀዋለሁ። ካቢኔው ውስጥ ናዚዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት የእኛ ሰዎች ናቸው።»

የዚያን ቀን ጠዋት ጠጋ ብለን እንየው። ቃለ መሐላው ለአምስት ሰዓት ተቀጥሯል። አዲሶቹ ሚኒስትሮች በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ክፍል ውስጥ ቆመዋል። ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ሂትለር አዲስ ምርጫ ይጠራልኝ ይላል። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ፣ የጋዜጦችና የፊልም ኩባንያ ባለቤቱ ሁገንበርግ፣ አይጠራም ይላል። ምርጫ ከተጠራ ማን እንደሚጠቀም ገብቶታል። አምስት ሰዓት አለፈ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሰዓቱን በእጁ ይዞ ገባና ፕሬዚዳንቱን ከዚህ በላይ ማስጠበቅ አይቻልም አላቸው። ሁገንበርግ ሽማግሌውን ማስቆጣት ከበደው። ተከታትለው ገቡና ማሉ።

ታሪክ የዞረው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ሕዝቡ ውጭ ነበር።

ጸሐፊው ምናልባት «በማርች 1933 ምርጫስ?» ይሉኝ ይሆናል። በማርችም ናዚዎቹ 43.9 በመቶ ነው ያገኙት። ያውም ፖሊሱ በእጃቸው ሆኖ፣ ኮሚኒስቶቹ እየታሠሩ፣ የተቃዋሚ ጋዜጦች ተዘግተው። ያኔም ቢሆን ግማሽ አልሞሉም፤ አብላጫውን ያገኙት የሁገንበርግ ፓርቲ ድምፅ ተጨምሮላቸው ነው።

ሙሶሊኒን ለእኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። አወጣጡ ግን ብዙ ጊዜ በስህተት ነው የሚወራው። በ1921 ምርጫ ፋሺስቶቹ ከ535 መቀመጫ ያገኙት 35 ነው። እሱንም ያገኙት አንጋፋው ፖለቲከኛ ጆሊቲ በራሱ የምርጫ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸው ነው። በኦክቶበር 1922 ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ወደ ሮም ሲጓዙ ዝናብ ይመታቸው ነበር፤ መሣሪያቸውም ቅጥ ያጣ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ፋክታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አዘጋጅቶ ንጉሡ ዘንድ ወሰደ። ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ አልፈርምም አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሙሶሊኒ ራሱ ሰልፉ ላይ አልነበረም፤ ሚላን ሆኖ ወሬ ይጠብቅ ነበር። ንጉሡ ሲጠሩት መኝታ ባለው ባቡር ተሳፍሮ ሮም ገባ። «በሰልፍ ሥልጣን ያዘ» የሚባለው ሰው በባቡር ነው የመጣው።

አሁን ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጣቸው። በጁላይ 1932 ለናዚዎች ድምፅ የሰጡት ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ናቸው። ትንሽ አይደሉም፤ ንጹሕም አይደሉም። ያ ሁሉ ድምፅ ባይኖር ፓፐን ከሂትለር ጋር የሚነጋገርበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ደግሞም ሕዝብ በርግጥ የመረጠበት አገር አለ። በቬኔዙዌላ ኡጎ ቻቬዝ በ1998 በ56 በመቶ ነው ያሸነፈው። በፔሩ ፉጂሞሪ በኤፕሪል 1992 ፓርላማውን በታንክ ሲዘጋ ብዙ ሕዝብ እሰየው ብሎለታል። ይህን አልክድም። ቻቬዝ ግን በ1992 መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ የታሠረ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ ክሱን ዘግተው የለቀቁት ፕሬዚዳንት ካልዴራ ናቸው። ምርጫ ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት የእስር ቤቱን በር የከፈተለት ሰው ነበረ ማለት ነው።

«ሕዝብ የሚመስለውን መሪ ያገኛል» የሚለው አባባል የማይጥመኝ ለዚህ ነው። ጥበብ ይመስላል። ሥራው ግን ሌላ ነው። ጥፋቱን ለሁሉም እኩል ያከፋፍልና የፈረመውን፣ ያልፈረመውን፣ ባንክ ቤት ባለቤት ሳሎን ውስጥ የተደራደረውን በነጻ ያሰናብታል። ሁሉም ሰው ከተጠየቀ ማንም አልተጠየቀም።

ወደ ድህነቱ ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ባይመጣ የናዚ ፓርቲ ትንሽ ፓርቲ ሆኖ ይቀር ነበር፤ በ1928 ያገኘው 2.6 በመቶ ብቻ ነበርና። ስድስት ሚሊዮን ሰው ሥራ ሲያጣ ነው ነገሩ የተገለበጠው።

ግን ድህነት ብቻውን ይህን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ 1923 ምን ሆነ? ያን ዓመት በኖቬምበር አንድ ዶላር ከአራት ትሪሊዮን ማርክ በላይ ይመነዘር ነበር። ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባው እንደ ጤዛ ተነነበት። ሂትለር በዚያው ወር ሙኒክ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ በአንድ ሌሊት ከሸፈ። አሜሪካ በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር፤ ሕዝቡ ሩዝቬልትን መረጠ፤ በአራት ዓመቱም እንደገና ለምርጫ ቀረበ። ስዊድንም በቀውሱ ተመትታለች። እዚያ ሶሻል ዴሞክራቶቹና የገበሬዎቹ ፓርቲ በ1933 ቁጭ ብለው ተደራደሩ። አንዱ ለሠራተኛው የሥራ ዕድል አገኘ፤ ሌላው ለገበሬው የዋጋ ድጋፍ። በጀርመን ደግሞ በማርች 1930 ጥምር መንግሥቱ የፈረሰው ለሥራ አጦች መድን የሚቆረጠው መዋጮ በግማሽ በመቶ ይጨመር አይጨመር በሚል ክርክር ነው። ግማሽ በመቶ! ከዚያ በኋላ በምክር ቤት አብላጫ የቆመ መንግሥት አልተገኘም።

ሌላም ነገር አለ። በጀርመን በጣም የተራበው ሥራ አጥ ሠራተኛ ይበልጥ ያዘነበለው ወደ ኮሚኒስቶቹ ነው። የናዚዎቹ ትልቁ ጉልበት የነበረው በፕሮቴስታንት ገጠሮችና በትናንሽ ከተሞች፣ ያለኝን አጣለሁ ብሎ በሚፈራው ሰው ዘንድ ነው። ያጣ ሰውና ማጣትን የሚፈራ ሰው አንድ አይደሉም። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለዋቸዋል።

የምላሱ ነገር ረጅም መልስ አይፈልግም። ሂትለር በ1928 የነበረው ምላስ በ1932 ከነበረው አይለይም። አንደኛው ዓመት 2.6 አመጣለት፤ ሌላው 37.3። ያው ሰው፣ ያው ምላስ። ልክ ነው፣ እስከ 1928 ድረስ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በአደባባይ እንዳይናገር ታግዶ ነበር፤ ይህን ለጸሐፊው እመዘግብላቸዋለሁ። ግን ፖርቱጋልን ከ1932 እስከ 1968 የገዛው ሳላዛር የኢኮኖሚክስ አስተማሪ ነበር፤ ሕዝብ ፊት መቆም የማይወድ ሰው። ስታሊንም የንግግር ሰው አልነበረም። እሱን ያወጣው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማን የት ይመደብ የሚለውን ወረቀት የሚፈርመው እሱ ነበር። ምላስ አዳራሽ ይሞላል። ቢሮ የሚያስገባው ሌላ ነገር ነው።

አራተኛውን ነጥብ ለመጨረሻ ላቆየውና ስለ ሕገ መንግሥቱ ትንሽ ልበል። የ1919ኙ የጀርመን ሕገ መንግሥት በጊዜው ከነበሩት ሁሉ ከተራቀቁት አንዱ ነው። ሴቶች ይመርጣሉ፤ መብቶች ተዘርዝረዋል። ግን አንቀጽ 48 የሚባል ነገር ነበረው፤ ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ጊዜ ያለ ምክር ቤት ድንጋጌ እንዲያወጣ የሚፈቅድ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ መድኃኒት ነበር። በ1932 የዕለት ምግብ ሆነ። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ 5 ነው፤ በአንቀጽ 48 የወጣው ድንጋጌ ከ60 አያንስም። ሂትለር ሲመጣ ጀርመን ያለ ምክር ቤት መገዛትን ከለመደች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው።

ሕግ ደግሞ የሚሠራው የሚሠራበት ሰው ሲኖር ነው። በ1923ቱ የሙኒክ ሙከራ አራት ፖሊሶች ተገድለዋል። ሂትለር ፍርድ ቤት ቀረበ። አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ ዘጠኝ ወር ገደማ ታሥሮ ወጣ። በዚያን ጊዜ እሱ የኦስትሪያ ዜጋ ነው። እንዲህ ያለ ወንጀል የፈጸመ የውጭ ዜጋ ከአገር ይባረር የሚል ግልጽ ሕግ ነበር። ዳኞቹ ይህ ሕግ እንደ ሂትለር በጀርመናዊ መንፈስ ለሚያስብ ሰው አይሆንም ብለው ተዉት። ሕጉ እኮ ነበር! ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ዳኞቹ ሰውየውን ወደዱት፤ አለቀ።

አሁን ወደ አራተኛው እንምጣ፤ «አስገቧቸው፤ ኃላፊነት ይገራቸዋል» ወደሚለው። ከአምስቱ ሁሉ አደገኛው ይህ ይመስለኛል። የሚገርመው ደግሞ ፓፐንም ያለው ይህንኑ ነው። «ቀጠርነው» አለ ይባላል፤ በሁለት ወር ውስጥ ጥግ እናስይዘዋለን ብሎም ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እንዲህ ላለው ነው።

ፓፐን የቆጠረው ወንበር ነው። ሦስት ለነሱ፣ የቀረው ለእኛ። የትኞቹ ሦስት እንደሆኑ ግን ልብ አላለም። አንዱ መራሄ መንግሥቱ ራሱ። ሁለተኛው ፍሪክ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር። ሦስተኛው ጎሪንግ። ጎሪንግ ለስሙ ያለ ሚኒስቴር የተሾመ ነው፤ በጎን ግን የፕሩሺያ አገር ውስጥ ጉዳይ ተሰጠው። ፕሩሺያ ከጀርመን ግማሽ በላይ የሚሆን ክፍለ ግዛት ነበር። የፕሩሺያ ፖሊስ በሙሉ በጎሪንግ እጅ ገባ ማለት ነው። ወግ አጥባቂዎቹ ኢኮኖሚውን፣ እርሻውን፣ የውጭ ጉዳዩን ይዘው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ጎሪንግ በፌብሩዋሪ የፓርቲውን ደብዳቢዎችና አጋሮቻቸውን ረዳት ፖሊስ ብሎ ቀጠረ፤ 50 ሺህ ሰው። ትናንት መንገድ ላይ ሰው ሲፈነክት የነበረው ጎረምሳ ዛሬ ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ ሕግ አስከባሪ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ፌብሩዋሪ 27 ምክር ቤቱ ተቃጠለ። በማግስቱ የዜጎችን መብት የሚያግድ ድንጋጌ ወጣ። ማርች 23 ሂትለር ያለ ምክር ቤት ሕግ እንዲያወጣ የሚፈቅደው አዋጅ ለድምፅ ቀረበ። ስብሰባው በአንድ የኦፔራ ቤት ውስጥ ነበር፤ ደብዳቢዎቹ በየመተላለፊያው ተደርድረዋል። 81ዱ የኮሚኒስት ተመራጮች ድርሽ እንዳይሉ ተደርገዋል። 444 ደገፉ፤ 94 ተቃወሙ። የተቃወሙት በሙሉ ሶሻል ዴሞክራቶች ናቸው። የካቶሊኮቹ ፓርቲ፣ ሊበራሎቹ፣ ሌሎቹም ድጋፋቸውን ሰጡ። በጁላይ ከናዚ ፓርቲ በቀር ሌላ ፓርቲ በሕግ ተከለከለ።

ገሪዎቹስ? ሁገንበርግ በጁን 1933 ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። በጁን 1934 መጨረሻ ጄኔራል ሽላይከር ቤቱ ውስጥ ከነባለቤቱ በጥይት ተገደለ። ፓፐን በቤቱ ታገተ፤ ሁለት የቅርብ ሠራተኞቹ ተገደሉበት። የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም ይባላል። ፓፐን ይዞት የነበረው ጅራቱን እንኳ አልነበረም።

ይህ የቀኝ ጽንፈኞች ታሪክ ብቻ ነው እንዳይባል ፕራግ እንሂድ። በ1946 ነጻ በሚባል ምርጫ የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስቶች 38 በመቶ አገኙና ጥምር መንግሥቱን መሩ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርን ያዙ። እንደገና ያቺ ወንበር! ሚኒስትሩ የፖሊስ አዛዦችን እያነሳ በራሱ ሰዎች ይተካ ጀመር። በፌብሩዋሪ 1948 ኮሚኒስት ያልሆኑ 12 ሚኒስትሮች «ካልታረመ እንለቃለን» ብለው መልቀቂያ አስገቡ። ፕሬዚዳንት ቤኔሽ አይቀበሉንም፤ መንግሥቱ ይፈርስና ምርጫ ይጠራል ብለው ነው ያሰሉት። ሌሎቹ ሚኒስትሮች ግን ወንበራቸውን አልለቀቁም፤ መንግሥቱ አልፈረሰም። አደባባዩ በታጠቁ የሠራተኛ ሚሊሻዎች ተሞላ። ቤኔሽ አምስት ቀን ተንገታገቱ፤ በፌብሩዋሪ 25 መልቀቂያውን ተቀበሉ። አሥራ ሁለት ሰዎች በገዛ እጃቸው ወጥተው በሩን ከውጭ ዘጉት። ቀጣዩ ነጻ ምርጫ የተደረገው በ1990 ነው።

እርግጥ ነው፣ ጸሐፊው የጠቀሱት የኦስትሪያ ምሳሌ አለ። የነጻነት ፓርቲው በ1999 26.9 በመቶ አገኘ፤ በ2000 ጥምር መንግሥት ውስጥ ገባ፤ እርስ በርሱ ተባላና በ2002 ወደ 10 በመቶ ወረደ። እውነት ነው። ሥልጣን አቅም እንደሌላቸው አጋለጠ። ነገር ግን ያው ፓርቲ በ2024 ምርጫ 28.8 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ተገራ የሚባለው የትኛው ጊዜ ላይ ነው? ዋናው ልዩነት ደግሞ ሌላ ነው። የኦስትሪያው ፓርቲ የታጠቀ ክንፍ አልነበረውም፤ በ2002 ምርጫ ሲሸነፍም ቆጠራውን ተቀበለ። ይገራ አይገራ ከማለት በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው፦ መንገድ ላይ የሚደበድብለት ሰው አለው? የሚጠይቀው ወንበር የትኛውን ነው? ሽንፈትን ከዚህ በፊት ተቀብሎ ያውቃል?

«ማግለል ጀግና ያደርጋቸዋል» ለሚለው ሁለት አገር ልጥቀስ።

ቤልጅየም ውስጥ በ1936 ሬክስ የሚባል ፓርቲ ድንገት ብቅ ብሎ 21 መቀመጫ አገኘ። መሪው ደግሬል ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ መልከ መልካም፣ አፉ ማር የሚያንጠባጥብ። (የምላሱን ነጥብ እዚህ ላይ ያስታውሱ።) በኤፕሪል 1937 አንድ ተመራጩን አስለቅቆ ብራስልስ ላይ ማሟያ ምርጫ አስጠራና ራሱ ተወዳደረ። ፓርቲዎቹ ምን አደረጉ? ካቶሊኩ፣ ሊበራሉ፣ ሶሻሊስቱ፣ ኮሚኒስቱ ሳይቀር አንድ ዕጩ ብቻ ደገፉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቫን ዜላንድን። ደግሬል የወጣው ከካቶሊኩ ወጣቶች መንደር ነው፤ የሱ ደጋፊዎች ካቶሊኮች ናቸው። ምርጫው ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት የቤልጅየም ካርዲናል ሬክስን በግልጽ አወገዙ፤ ባዶ ወረቀት መጨመርም አይፈቀድም አሉ። ውጤቱ 76 ለ19 ሆነ። በ1939 ሬክስ የቀረችው 4 መቀመጫ ናት። ጀግና አልሆነም።

ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ላፑዋ የሚባል የቀኝ ጽንፈኛ ንቅናቄ ነበር። ሰው እያፈነ እየደበደበ ሩሲያ ድንበር ላይ ይጥል ነበር። ፕሬዚዳንት ስቪንሁፍቩድ ጠንካራ ወግ አጥባቂ ናቸው። ንቅናቄው ራሱ በ1931 እንዲመረጡ የገፋላቸው ሰው ናቸው። የራሳቸው ሰዎች ማለት ነው። በ1932 ታጣቂዎቹ ማንትሳላ ላይ ተሰብስበው መንግሥት ይውረድ አሉ። ሽማግሌው ሬዲዮ ላይ ወጡ። ወደየቤታችሁ ግቡ፤ ተራው ሰው ከገባ አይቀጣም፤ መሪዎቹ ግን ይጠየቃሉ አሏቸው። ጦሩም ተዘጋጅቶ ቆመ። በቀናት ውስጥ ተበተኑ። ንቅናቄው ታገደ። የታገደበት ሕግ ደግሞ እሱ ራሱ ኮሚኒስቶች ላይ ይውጣልኝ ብሎ ያስወጣው ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ፓርቲ አቋቋሙ፤ ከ200 መቀመጫ ከ14 አልፈው አያውቁም።

በሁለቱም አገሮች በሩን የዘጉት የጽንፈኛው ዋና ጠላቶች አይደሉም። ጠላትማ በየትም አገር ይጮኻል። የዘጉት የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው፤ በሱ ጉልበት መጠቀም ይችሉ የነበሩት። በሮምና በበርሊን በሩን የከፈቱትም እንደዚሁ ዘመዶች ነበሩ።

እንግዲህ ጽሑፉ አሁንም እየተላከ ነው። ጸሐፊው በአምስቱም ነጥብ ከእኔ ጋር ይስማማሉ ብዬ አልጠብቅም። «በአብላጫ የሕዝብ ድምፅ» የምትለዋን ሐረግ ብቻ ቢያወጧት ደስ ይለኛል። በቦታዋ 33.1 ብለው ይጻፉ። ይህን ምላሽ ለአጎቴም ልኬለታለሁ፤ እስካሁን «አይቼዋለሁ» ከማለት በቀር ምንም አልመለሰም።